እሪታዋ በከንቱ እንዳይቀር

የንባብ ክፍል፦ ዮሐንስ 5፥1-9፤ ዘፍጥረት 16፥7-13፤ ሉቃስ 13፥10-17



አራዳ ያደግን ሰዎች «እሪ በከንቱ» የሚለውን የሰፈር ስም ስንጠራው ትርጉሙን አናስብም። ስሙ እንዴት እንደወጣ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ቃሉ ግን የሚለው አንድ ነው፦ ብትጮህ የሚደርስልህ የለም። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሰፈሩ አይደለም። በየቤታቸው እሪ ብለው ማንም ስላልደረሰላቸው፣ ኋላም እሪ ማለቱን እርግፍ አድርገው ስለተዉት እህቶች ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ እሑድ እሑድ አጠገባችን ይቀመጣሉ። እኛ «ሃሌ ሉያ» ስንል እነሱም አብረውን ይላሉ።

እንድንጽፍ ያስገደደን ነገር አለ። በቅርቡ በኅብረታችን በተደረገ የቤተሰብ ስብሰባ ላይ በጤና ሙያ የሚያገለግሉ ሁለት እህቶች አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ለእርግዝና ክትትል ወይም ለሌላ ሕክምና የመጣችን ሴት ባለሙያዋ ለብቻዋ አድርጋ «ቤት ውስጥ የሚመታሽ፣ የሚያስፈራራሽ ሰው አለ ወይ?» ብላ ልትጠይቃት ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ልትደግፍ ይገባል አሉ። ገና ሳይጨርሱ ተቃውሞ ተነሣ። «ይሄ ትዳር ማፍረሻ ነው»፣ «በባልና ሚስት መካከል ምን አገባቸው»፣ «የፈረንጅ አጀንዳ ነው»፣ «እነሱ መርፌያቸውን ይውጉ፣ የቤተሰቡን ነገር ለእኛ ይተዉት» ተባለ። ከተቃወሙት መካከል የምናከብራቸው አገልጋዮች ነበሩ። አክብሮታችን እንዳለ ነው። ነገር ግን ተሳስተዋል ብለን እናምናለን፤ ስህተቱ ደግሞ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ስለሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

መጀመሪያ ራሳችንን እንክሰስ

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን በደል እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመዘምራኖቻችን አንዷ ከጸሎት በኋላ ቀርታ «ቤቴ ሰላም የለም፣ ጸልዩልኝ» አለችን። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅናትም። ሦስት ሆነን ቤቷ ሄድን። ባል ተናገረ፣ እኛ ሰማን። እሷ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ቡና አፈላችልን። ከኤፌሶን መልእክት አነበብን፣ ጸለይን፣ «ተሳስማችሁ ኑሩ» ብለን ተሰናበትን። መንገድ ላይ ስንወጣ ጌታ ስለ ሰጠን ድል አመሰገንን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ቅንድቧ ሁለት ጊዜ ተሰፋ፣ ክንዷም አንድ ጊዜ በጄሶ ታሰረ። በሄደችበት ሕክምና ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ተብላለች። በሄደችበት ሁሉም ባል አጠገቧ ቆሞ ነበር። «ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው» አለች፤ ካርዷም ላይ «መውደቅ» ተብሎ ተጻፈ። የስድስት ወር ጽንስ ይዛ ደም እየፈሰሳት ሆስፒታል በገባችበት ሌሊት ግን ተረኛዋ አዋላጅ ባልየውን «ሂድና ካርድ አውጣላት» ብላ ላከችው። በሩን ዘጋች። ዝቅ ብላ «የኔ እናት፣ ይህን ያደረገብሽ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

ጽንሱ አልተረፈም። እናቲቱ ተርፋለች። ቆይተን ስናገኛት የነገረችንን እስከ ዛሬ አልረሳነውም፦ «እናንተም መጣችሁ፣ ሐኪሞቹም አዩኝ፤ የጠየቀችኝ ግን እሷ ብቻ ናት።» ታሪኩን እንድንጽፈው ፈቅዳልናለች። እንዳትታወቅ ጥቂት ነገር ለውጠናል።

ወንድሞች ሆይ፣ ያን ቀን ቤቷ የሄድነው ሦስት ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ የማናውቅ አልነበርንም። ክፉ ሰዎችም አልነበርንም። ነገር ግን አልጠየቅንም። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በዚህች አንዲት ቃል ላይ ያረፈ ነው።

የአንዲት ቤት ነገር አይደለም

«እንዲህ ያለው አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው» የሚሉን አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች ባካሄደውና በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ውስጥ አገራችን ነበረች። ቦታው ሩቅ አይደለም፤ ቡታጅራና አካባቢዋ ነው። 3,016 ሴቶች ተጠየቁ። የትዳር ሕይወት ከነበራቸው መካከል ከመቶ 71ዱ በሕይወት ዘመናቸው በባል ወይም በአጋር እጅ የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ወይም ሁለቱም እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ጥናቱ ከተካሄደባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ የእኛው ነበር።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት በመላ አገሪቱ ጠይቋል። አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከመቶ 34ቱ ከባሎቻቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶብናል አሉ። ከሦስት አንዷ ማለት ነው። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሚስቶች ሲቀመጡ ቁጠሩ።

ከዚህ ቁጥር ይልቅ ልባችንን የሰበረው ሌላው ነው። የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታም አልጠየቁም። እርዳታ ከጠየቁትም አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። በዚሁ ጥናት ላይ ከመቶ 63 ሴቶች ባል ሚስቱን ሊመታ የሚገባው ምክንያት ቢያንስ አንድ አለ ብለው መለሱ፤ ወጡ ካረረ፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ልጆቹን ችላ ካለች። ከወንዶቹ ይህን ያሉት ከመቶ 28 ናቸው። አስቡት። የተመታችዋ ራሷ «ይገባኛል» ብላ አምና ተቀምጣለች። እንዲህ ያመነች ሴት በራሷ ጊዜ ተነሥታ «ተመታሁ» ትላለች ብለን የምንጠብቀው እንዴት ነው? የሚጠይቃት ካልመጣ አትናገርም።

ግድግዳውም ጎረቤቱም ሄዷል

በፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች አንድ ነገር ነበረ። የቀበሌ ቤቱ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ሽንት ቤቱም የውኃ ቧንቧውም የጋራ ነው። የአንዱ ቤት ጠብ ለስድስት ቤት ይሰማል። ያ ኑሮ ጥሩ ነበር ልንል አይደለም፤ ብዙ ሰው ሰምቶ ዝም ብሏል። ሆኖም አንዳንድ ሌሊት እማማ ከወዲያ በኩል ሙቀጫቸውን ይዘው በሩን ይደበድባሉ፤ «አንተ! ልትገድላት ነው?» ይላሉ። ባልም ያፍራል፣ ይተዋል። ስንት እህት በዚያ በር ድብደባ ተርፋለች።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲነሡ የእኛም ምዕመናን ተበታተኑ። አንዳንዱ ገላን ጉራ፣ አንዳንዱ ሌላ ቦታ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ግድግዳውም ብሎኬት ነው። ጎረቤቷ ግን ማን እንደሆነ ገና አታውቅም። ዕድሯ ፈርሷል፤ ዕቁብተኞቿ በአራት አቅጣጫ ሄደዋል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትመጣው ሁለት ታክሲ ይዛ ነው፤ የታክሲውን ብር የሚሰጣት ደግሞ እሱ ነው። ጎረቤትና ዘመድ የመጀመሪያዎቹ ደራሾች ከነበሩ፣ ዛሬ የሚደርስላት ማን ነው?

አንድ በር ቀርቷል፤ እሱም የጤና ጣቢያው በር ነው። ቀናተኛ ባል ከገበያ ያስቀራታል፣ ከእናቷ ቤት ያስቀራታል፣ ከጸሎት ያስቀራታል። ልጅ ሲያተኩሰው ግን «ሂጂ» ይላል። ስታረግዝ «ክትትል ጀምሪ» ይላል። በአዲስ አበባ ከነፍሰ ጡሮች ሁሉም ማለት ይቻላል በባለሙያ ይታያሉ። አንዲት እናት በእርግዝናዋ ወራት ደጋግማ ከአዋላጅ ነርስ ፊት ትቀመጣለች። ግፊቷ ይለካል፣ ደሟ ይመረመራል፣ ሆዷ ይዳሰሳል። ስለ ደም ማነስ ትጠየቃለች፣ ስለ ስኳር ትጠየቃለች። ሆዷን የሚረግጣት ሰው እንዳለ ግን አትጠየቅም። ይህ ልክ ነው?

ጌታ የጠየቃቸው

ስድስት ኪሎ ያለውን የካቲት 12 ሆስፒታልን ሁላችንም እናውቀዋለን። ራስ ተፈሪ ገና ንጉሥ ሳይባሉ ሲያቋቁሙት ስሙ ቤተ ሳይዳ ነበር። ስሙ የመጣው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው። በመጠመቂያይቱ ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛ አንድ ሰው ነበረ። ጌታ ኢየሱስ ሁሉን የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ሰውየውን መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየውም የመለሰው ሰው የለኝም ብሎ ነው። ለሠላሳ ስምንት ዓመት በአጠገቡ ያለፈው ሕዝብ ሁሉ ያልሰማው ቃል በአንድ ጥያቄ ወጣ።

አጋርንም እናስታውስ። በእመቤቷ እጅ ተጨንቃ፣ ጽንስ በማኅፀኗ ይዛ ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። የእግዚአብሔር መልአክ በምንጩ አጠገብ ሲያገኛት በስሟ ጠራት፤ ከወዴት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድም ጠየቃት። የተበደለችዋ ነፍሰ ጡር ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀችው ከሰማይ በመጣ መልእክተኛ ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያ ምዕራፍ ወደ እመቤቷ እንድትመለስ ታዝዛለች፤ ይህን ጥቅስ በእህቶቻችን ላይ የሚያነሡ አሉ። ነገር ግን የምትመለሰው የሚያያት አምላክ ስለ ልጇ ተስፋ ሰጥቷት ነው፤ በምዕራፍ 21 ደግሞ ከዚያ ቤት ስትወጣ ያው አምላክ በምድረ በዳ ውኃ አሳያት። «ሁልጊዜ ተመለሺ» የሚል ሕግ ከዚህ አይወጣም።

በሉቃስ 13 የምናገኛት ሴት ደግሞ 18 ዓመት ጎብጣ ኖራለች። የት ነበረች? ምኩራብ ውስጥ ነበረች። የምኩራቡ አለቃ ጎብጣ ስትገባ ስትወጣ አላስቆጣውም፤ ያስቆጣው ቀና ስትል ነው። ወንድሞች ሆይ፣ ከዚህ በላይ እኛን የሚገልጽ ምን አለ? እህታችን ጎብጣ ስትኖር ሥርዓቱ አልተበላሸም፤ ጠያቂ መጥቶ ቀና ስትል ግን «ትዳር ፈረሰ» ብለን እንጮሃለን።

ለተነሡት ተቃውሞዎች

«የቤት ገመና ነው» ይባላል። ገመና መሸፈን ባህላችን ነው፤ እኛም እንወደዋለን። «ዝም አይነቅዝም» እያልን ነው ያደግነው። ነገር ግን ያው ሕዝባችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ብሎም ያውቃል። አቤሴሎም እህቱ ትዕማር በተደፈረች ጊዜ ዝም እንድትል ነገራት፤ ነገሩንም በልቧ እንዳታኖረው መከራት። የዚያ ዝምታ መጨረሻ በንጉሥ ዳዊት ቤት የፈሰሰው ደም ነው። የወንድምን ድካም መሸፈን ፍቅር ነው፤ የሚፈስስን ደም መሸፈን ግን ከደም አፍሳሹ ጋር መተባበር ነው።

«የፈረንጅ ነገር ነው» ይባላል። የቡታጅራ እናቶች ፈረንጅ ናቸው? የአገራችን ሕግስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በአካል ጉዳት ወንጀል እንደሚያስቀጣ በግልጽ ተቀምጧል። ስለዚህ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአተኛ፣ በኢትዮጵያ ሕግ ፊት ወንጀለኛ ነው። ሕጉ ሁሉን አልሸፈነም፤ የአስገድዶ መድፈር አንቀጹ ዛሬም የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስለሚፈጸመው ብቻ ነው። በመኝታዋ ላይ የምትገፋ ሚስት ለፖሊስ የምትለው እንኳ ስለሌላት ለአዋላጇ የምትለው ሊኖራት ይገባል።

«ትዳር ያፈርሳል» ይባላል። ትዳሩን ያፈረሰው ጥያቄው ሳይሆን ቡጢው ነው። በሚልክያስ 2፥16 እግዚአብሔር መፋታትን እንደሚጠላ እየደጋገምን እንሰብካለን። በዚያው ቁጥር ልብሱን በግፍ የሚሸፍነውንም ሰው እንደሚጠላ ስንቶቻችን ሰብከናል? ቁጥሩን ለሁለት ከፍለን ግማሹን ለሚስት ሰጠን፤ የባልን ግማሽ ኪሳችን ውስጥ ደበቅነው።

«ሚስት ለባሏ ትገዛ» ይባላል። ኤፌሶን 5 ባልን የሚያዘው እስከ ሞት ድረስ ራሱን እንዲሰጥ፣ ሚስቱንም እንደ ገዛ ሥጋው እንዲመግባትና እንዲንከባከባት ነው። ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ 3፥7 ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሚማታ ሰው ኤጲስ ቆጶስ እንዳይሆን ከልክሏል። እንግዲህ ቤቱ የሚማታ፣ በመድረክ ግን የሚጸልይ ሽማግሌ ካለን እግዚአብሔር ጸሎቱን አልሰማም። እኛ ደግሞ አጨበጨብንለት።

«ትጸልይ፣ ትታገሥ» ይባላል። ጸሎትን የሚተካ ነገር አለ አላልንም። ነገር ግን አቢግያ በ1ኛ ሳሙኤል 25 ባሏ ናባል ቤቱን ሁሉ ለጥፋት ሲዳርግ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ሳትነግረው አህያዋን ጭና ወጣች፤ ቤተሰቧንም አዳነች። እግዚአብሔርም በዳዊት አፍ ተመሰገነላት። ልጇ በወባ ሲያዝ «ጸልዪና ተቀመጪ» የማንላትን እናት፣ አጥንቷ ሲሰበር ለምን እንዲህ እንላታለን?

ደግሞ እናስታውስ። ኤች አይ ቪ በመጣ ጊዜም «ይህ የግል ነው፣ አይጠየቅም» ብለን ነበር። ኋላ ግን በጤና ተቋማት ነፍሰ ጡር ሁሉ እሷ እስክትጠይቅ ሳይጠበቅ ምርመራው ይቀርብላት ጀመር። ስንት ሕፃናት በዚያ ተረፉ። ዛሬ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የምርመራ ወረቀት ሳያዩ ጋብቻ አይባርኩም። የሰውን ደም የሚያህል ምሥጢር ለመጠየቅ አላፈርንም። እጁን ለመጠየቅ ግን እናፍራለን?

ጥያቄው በጥበብ ይሁን

የምንሰማው ሌላ ስጋት አለ፤ ይህኛው ከመድረክ ሳይሆን ከራሳቸው ከጤና ባለሙያዎቻችን የመጣ ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ ክብደት የምንሰጠውም ለእሱ ነው። «በቀን ስንት ሰው ነው የምናየው፤ ክፍሉ መጋረጃ እንጂ በር የለውም። ጠይቄያት አዎ ብትለኝ ምን አደርጋለሁ? ባል ቢሰማስ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በጥበብ ያልተጠየቀ ጥያቄ ሊያስገድላት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሴትን ሁሉ በየቦታው እንደ ቅጽ ማስሞላት ጠይቁ አላለም። ምልክት ሲታይ ጠይቁ ነው ያለው፤ ታሪኩና ቁስሉ የማይገጥም ጉዳት፣ ምክንያቱ የማይታወቅ የማያቋርጥ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ውርጃ፣ ጭንቀት፣ ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ፣ ቃል የማያናግራት ባል። የእርግዝና ክትትልንም ለጥያቄው ምቹ ቦታ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ከመጠየቅ በፊት ግን መሟላት ያለበትን አስቀምጧል፦ ሌላ ሰው የማይሰማበት ቦታ፣ የሠለጠነ ጠያቂ፣ የአሠራር መመሪያና ቀጥሎ የምትላክበት ቦታ። አሜሪካ ያለው የሕክምና ባለሙያዎች ቡድን ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. በመውለድ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሁሉ እንዲጠየቁ መክሯል። ሁሉንም ወይስ ምልክት ያለባትን የሚለውን ባለሙያዎች ይከራከሩበት። ማንንም አትጠይቁ የሚል ግን ከመካከላቸው የለም።

ስለዚህ በሙያው ላላችሁ እህቶችና ወንድሞች የምንለው ይህን ነው። ባልም አማትም እህትም ባሉበት አትጠይቁ። ቋንቋ ካልተግባባችሁ ዘመዷን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጇንም አታድርጉ። ሰው ማስወጣት ከከበዳችሁ እንደዚያች አዋላጅ ካርድ ላኩት፣ መድኃኒት ግዛ በሉት። ወደ ቤት በምትወስደው ወረቀት ላይ አትጻፉ። «ለምን አትተይውም?» አትበሉ፤ «ምን አድርገሽው ነው?» አትበሉ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ እንኳን ነገርሽኝ» በሉ። ዛሬ ወደ ቤት ለመመለስ ትፈራ እንደሆነ፣ መሣሪያ እንዳለው፣ ልጆቹን እንደሚነካ ጠይቁ። አይ ብትላችሁ አታስገድዷት፤ ዛሬ አይ ያለች ለሚቀጥለው ቀጠሮ በሩን አውቃ ትሄዳለች። ሳምራዊው ቁስሉን ዘይትና ወይን አፍስሶ ካሰረ በኋላ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ አስረከበው እንጂ ሁሉን ብቻውን አልጨረሰም።

የምትላክበት ቦታ ጨርሶ የለም አንበል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውንም ምክሩንም የሕግ አገልግሎቱንም በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር በመስጠት ይታወቃል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም መሸሻ ለሌላቸው መጠለያ ሲሰጥ ዓመታት አልፈውታል። ከተማችን የሚሊዮኖች ከተማ ናትና ይህ አይበቃም። የጎደለውን ለመሙላት ግን ቤተ ክርስቲያን ምን አድርጋለች?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ከእንግዲህ ለእርቅ ስትሄዱ ባልና ሚስቱን አብራችሁ አስቀምጣችሁ አትጀምሩ። በሳል እህት ይዛችሁ ሚስትን ለብቻዋ ስሙ። ዱላ ካለ ጉዳዩ የእርቅ ጉዳይ አይደለም፤ አስቀድሞ የእሷ ደኅንነት ነው። እሷን ሳታማክሩ የነገረቻችሁን ለባል አታድርሱ።

ሁለተኛ፣ በጤና ተቋም የምትሠራ እህት «ጠይቄያት ነበር» ብላ ስትመጣ አትውቀሷት። ምዕመናኖቻችን ውስጥ ስንት ነርስ፣ ስንት አዋላጅ፣ ስንት ሐኪም አለ! ለወንጌል አገልግሎት እንደምናሰማራቸው ለዚህም እጅ ጭነን እናሰማራቸው። ሥልጠና የሚሰጥበት አዳራሽ ካስፈለገ አዳራሻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመባው ላይ እንቁረጥ። ለድምፅ ማጉያ በመቶ ሺዎች አዋጥተናል። አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ለጥቂት ሌሊቶች የምታርፍበት ክፍል፣ ለታክሲ፣ ለወተት የሚሆን ብር አላዋጣንም። «ወዴት ልሂድ?» ላለች እህት መልስ የሌላት ቤተ ክርስቲያን «አትሂጂ» ለማለት መብት የላትም።

አራተኛ፣ የሚመታ ሰው ንስሐ እስኪገባ፣ ፍሬም እስኪታይበት ድረስ ከአገልግሎት ይውረድ። እንባ ንስሐ አይደለም፤ ከደበደበ በኋላ ያላለቀሰ ባል ጥቂት ነው። ይህን እያነበብክ ልብህ የሚመታ ወንድም ካለህ፣ ለአንተም የምሥራች አለ። የክርስቶስ ደም ለአንተም ፈስሷል። ነገር ግን ወደ ብርሃን ና። ለሽማግሌዎችህ ተናዘዝ፤ ሕግ የሚጠይቅህ ካለ ለሕግ መልስ። እሷን «ይቅር በይኝ ብዬሻለሁ፣ ለምን አትረሺም?» እያልክ ሁለተኛ አትምታት።

አንቺም እህታችን፣ ይህን በስልክሽ ተደብቀሽ የምታነቢ ከሆነ፣ ካነበብሽ በኋላ አጥፊው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እግዚአብሔር በዚህ ደስ አይለውም፤ መስቀልሽም ይህ አይደለም። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ሲስተሯ ባትጠይቅሽም አንቺ «ብቻዬን ላናግርሽ» በያት። በቤተ ክርስቲያንሽም የምታምኛትን አንዲት እህት ምረጪ። የሚያይ አምላክ አይቶሻል። እኛ ነን ሳናይ የቆየነው።

እንጸልይ። የአጋር አምላክ ሆይ፣ ወደ ተገፉት ቤት ገብተን ከገፊው ጋር ቡና ጠጥተን ስለ ወጣንበት ቀን ይቅር በለን። በዚህ ሌሊት በአዲስ አበባ በየተረኛ ክፍሉ ያሉትን ሐኪሞችና አዋላጆች አስብ፤ የሚያይ ዓይን፣ የሚጠይቅ አፍ፣ የሚታገሥ ጆሮ ስጣቸው። ደረጃ ላይ ወደቅሁ ለምትለው እህት በሩን ዘግቶ ዝቅ ብሎ የሚጠይቃት ሰው ላክ። ሰው ካጣህም እኛን ላክ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።